በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የነፋስ ኃይልና የመድን ሥራ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት አንብበን ስንጨርስ መድን እንዴት እንደሚሠራ፣ ለአዲስ ሥራ መድን መግባት ለምን እንደሚከብድና መድን የማይከፍለው ጉዳት የትኛው እንደሆነ ለይተን መናገር እንችላለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. መግቢያ

ነፋስ ምርትን ከገለባ ይለያል። ዐውድማ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ነፋሱ ሲመች እህሉ ቶሎ ይጠራል። ነፋሱ ሲጠፋ ላይዳ ይዞ መጠበቅ ነው። ሲበረታ ደግሞ ገለባውን ብቻ ሳይሆን የጎጆውን ክዳን ጭምር ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ነፋስ ጥቅምም ጉዳትም አለው ማለት ነው።

ጥቅሙን ሁሉም ይፈልገዋል። ጉዳቱንስ ማን ይሸከመዋል? የዛሬው ትምህርታችን ይህ ነው። ምሳሌውን ያገኘነው ከሩቅ አገር፣ ከስኮትላንድና ከኖርዌይ ባሕር ነው። እዚያ ሰዎች ከትልቅ ፎቅ የሚረዝም ማሽን ውሃ ላይ አንሳፈው ከነፋስ ኤሌክትሪክ ያወጣሉ። ይህን ያህል ንብረት ማዕበል መሐል ሲቀመጥ፣ ቢበላሽ ማን ይከፍላል?

2. ማሽኑ ምንድን ነው?

በአገራችንም ከነፋስ ኤሌክትሪክ ይመረታል። በ2013 የተመረቀው የአሸጎዳ ጣቢያ 120 ሜጋ ዋት፣ በ2015 የተመረቀው ሁለተኛው የአዳማ ጣቢያ ደግሞ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተሠሩ ናቸው። አንድ ሜጋ ዋት ማለት ባለ 100 ዋት አምፖል 10,000 የሚያበራ ኃይል ነው። ነፋሱ የሚያሽከረክረው ማሽን ተርባይን ይባላል። የእነዚህ የእኛ ተርባይኖች እግር በብረትና በሲሚንቶ መሬት ውስጥ ተቀብሯል።

በባሕር ላይ ነፋሱን የሚከለክለው ተራራም ዛፍም የለም። ስለዚህ ባሕር ያላቸው አገሮች ተርባይን ባሕር ውስጥ መትከል ጀመሩ። ውሃው ጥልቅ ካልሆነ እግሩን ከባሕሩ ወለል ጋር ማያያዝ ይቻላል። ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ገደማ ካለፈ ግን ይህን ያህል ረጅም እግር መሥራት አያዋጣም። ታዲያ ምን ተደረገ? ተርባይኑን እንደ መርከብ ማንሳፈፍ ታሰበ።

የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ባለብዙ ተርባይን ጣቢያ በ2017 በስኮትላንድ፣ ከፒተርሄድ ከተማ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ሥራ ጀመረ። ስሙ ሃይዊንድ ስኮትላንድ ነው። ባለቤቶቹ የኖርዌዩ ኢኩዊኖር (ያኔ ስታትኦይል ይባል ነበር) እና የአቡ ዳቢው ማስዳር ናቸው። እያንዳንዳቸው 6 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 5 ተርባይኖች አሉት። በጠቅላላው 30 ሜጋ ዋት ነው።

እነዚህ ተርባይኖች ሳይወድቁ እንዴት ይቆማሉ? በቀላሉ ልንሞክረው እንችላለን። ባዶ ጠርሙስ ውሃ ላይ ብንጥል ይጋደማል። ትንሽ አሸዋ ጨምረን፣ ክዳኑን ገጥመን ብንጥለው ግን ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል። ተርባይኑም እንዲሁ ነው። ከውሃው በታች 78 ሜትር የሚወርድ የብረት ግንድ አለው። በግንዱ ታችኛው ክፍል ከባድ የብረት ማዕድን ተሞልቷል። ከግንዱ ጫፍ እስከ ክንፉ ጫፍ 253 ሜትር ይሆናል። ነፋስና ማዕበል ይዞት እንዳይሄድ ደግሞ እያንዳንዱ ተርባይን በ3 የመልሕቅ ሰንሰለት ከባሕሩ ወለል ጋር ታስሯል።

3. የሚያሰጉት ነገሮች

አደጋ ሊደርስ ይችላል ብለን የምናስበው ነገር ሥጋት ይባላል። ለተንሳፋፊ ተርባይን ዋና ዋናዎቹ ሥጋቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ጉዞ። የሃይዊንድ ተርባይኖች የተገጣጠሙት በኖርዌይ ጠረፍ ሲሆን፣ እስከ ስኮትላንድ ድረስ በመርከብ እየተጎተቱ ሰሜን ባሕርን አቋርጠዋል። ይህን የሚያህል ነገር በመንገድ ላይ ማዕበል ቢያገኘው አደጋው ከባድ ነው።

ለ. ማዕበል። ሃይዊንድ ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ በጥቅምትና በታኅሣሥ፣ ኦፊሊያና ካሮላይን የተባሉ ኃይለኛ አውሎ ነፋሶች መጡ። በሁለተኛው ጊዜ ነፋሱ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የማዕበሉ ከፍታም ከ8 ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። ተርባይኖቹ ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ ራሳቸው ቆሙ፤ ሲበርድም ራሳቸው ቀጠሉ። ይህ ጥሩ ፈተና ሆናቸው።

ሐ. የመልሕቅ ሰንሰለት። ሰንሰለት በጨው ውሃ ይዝጋል፣ በመወዛወዝም ይደክማል። አንዱ ቢበጠስ የቀሩት ይይዙታል ወይ? ካልያዙትስ ተርባይኑ ሄዶ ማንን ይመታል? ጎረቤቱን ተርባይን ነው ወይስ መርከብ?

መ. የኤሌክትሪክ ገመድ። እግሩ በተተከለ ተርባይን ገመዱ በባሕሩ ወለል ተቀብሮ ሊሄድ ይችላል። ተንሳፋፊው ግን ስለሚወዛወዝ ገመዱም ከተርባይኑ ሥር ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ አብሮት ይወዛወዛል። ስለዚህ እንዳይወጠር መሐሉ ላይ ተንሳፋፊ ነገር ታስሮለት እንደ ግመል ሻኛ ጎበጥ ይደረጋል። ሽቦ ደጋግመን ስናጥፍ እንደሚበጠስ ሁላችንም እናውቃለን። በባሕር የነፋስ ኃይል ሥራ መድን ድርጅቶችን ብዙ ካሳ ካስከፈሉት ነገሮች ዋናው የባሕር ውስጥ ገመድ ነው።

ሠ. ጥገና። ብዙ ሰው የማያስበው ይህን ነው። የብስ ላይ ያለ ተርባይን አንድ ከባድ ዕቃው፣ ለምሳሌ ትልቁ ኩሽኔታ፣ ቢበላሽ ክሬን ሥሩ ድረስ ይመጣል። ውሃው ጥልቅ ባልሆነበት ባሕር ደግሞ እግሩን ወለል ላይ ተክሎ የሚቆም ክሬን ያለው መርከብ ይመጣል። በጥልቅ ባሕር ላይ ግን መርከቡም ተርባይኑም ይወዛወዛሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። እንዲህ ሆኖ በመቶ ቶን የሚቆጠር ዕቃ ማውረድና መስቀል አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ተርባይኑ ከሰንሰለቱና ከገመዱ ተፈትቶ ወደ ወደብ ይጎተታል።

ይህ በእርግጥም ደርሷል። በ2022 ኪንካርዲን ከተባለው ሌላው የስኮትላንድ ጣቢያ አንድ ተርባይን ትልቅ ዕቃ እንዲቀየርለት እስከ ኔዘርላንድ፣ ሮተርዳም ወደብ ድረስ ተጎትቷል። በ2024 ደግሞ አምስቱም የሃይዊንድ ተርባይኖች ለከባድ ጥገና ወደ ኖርዌይ ተጎትተው ሄደው፣ ተጠግነው ተመልሰዋል። ተርባይኑ ወደብ በቆየበት ጊዜ ሁሉ አንድ አምፖል እንኳ አያበራም። የተበላሸው ዕቃ ዋጋ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የጉዞው ወጪና የቀረው ምርት ግን ይበልጠዋል።

4. መድን እንዴት ይሠራል?

መድን ለእኛ አዲስ አይደለም፤ እድርን እናውቃለንና። በእድር ሁሉም በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል። ሐዘን የደረሰበት ሰው ከተዋጣው ይረዳል። ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ› የሚባለው ለዚህ ነው።

መድን ድርጅት ይህንኑ በሒሳብ ይሠራዋል። በአንድ መንደር 100 ቤቶች አሉ እንበል። የእያንዳንዱ ቤት ዋጋ 20,000 ብር ነው። ብዙ ዓመት ተቆጥሮ ሲታይ በዓመት አንድ ቤት ይቃጠላል። እንግዲያው እያንዳንዱ ባለቤት በዓመት 200 ብር ቢከፍል 20,000 ብር ይሞላል። የተቃጠለበትም ሰው ቤቱን መልሶ ይሠራል። ለጸሐፊና ለሌላ ወጪ ትንሽ ይጨመራል። ይህ ክፍያ አረቦን ይባላል። ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለው ደግሞ ካሳ ነው።

የባሕር መድን ታሪክ ከእኛም ቡና ጋር ይነካካል። የቡና መገኛ አገራችን መሆኗ የታወቀ ነው። ቡና ተሻግሮ ለንደን ከገባ በኋላ፣ በ1680ዎቹ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው እዚያ ቡና ቤት ከፈተ። ቡና ቤቱ መርከበኞችና ነጋዴዎች የሚገናኙበት ሆነ። መርከቡን ሊያሰማራ የፈለገ ባለቤት ስለ መርከቡና ስለ ጭነቱ የተጻፈ ወረቀት ያቀርባል። ሥጋቱን ለመጋራት የፈቀደ ባለገንዘብ ሁሉ ከጽሑፉ ሥር ስሙንና የሚሸከመውን ድርሻ ይጽፋል። መርከቡ በደህና ከተመለሰ አረቦኑ ለእነርሱ ይሆናል። ከሰጠመ ግን እያንዳንዱ እንደ ድርሻው ይከፍላል። የሎይድ ስም እስከ ዛሬ በለንደን የትልቅ መድን ገበያ መጠሪያ ነው። ተንሳፋፊ ተርባይንን የመሰለ ከባድ ሥጋትም ዛሬ እንዲሁ ለብዙ መድን ሰጪዎች ይከፋፈላል።

5. ለአዲስ ነገር መድን መግባት ለምን ይከብዳል?

እስቲ ወደ ሒሳባችን እንመለስ። ስለ መቶዎቹ ቤቶች ማስላት የቻልነው ሦስት ነገሮች ስላሉን ነው። ቤቶቹ ብዙ ናቸው፤ ያለፈው ጉዳት ተቆጥሯል፤ ሁሉም በአንድ ቀን አይቃጠሉም። ተንሳፋፊው ተርባይን ግን በሦስቱም ይቸግራል።

አንደኛ፣ ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ሃይዊንድ ስኮትላንድ 5 ተርባይን አለው። ከእርሱ በኋላ በኖርዌይ የተሠራው ሃይዊንድ ታምፐን ደግሞ 11 ነው። በትንሽ ቁጥር አማካይ ማውጣት ያሳስታል።

ሁለተኛ፣ ታሪካቸው አጭር ነው። በኖርዌይ ትልቁ የሙከራ ተርባይን ባሕር ላይ የቆመው በ2009 ነው። ተርባይን ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ እንዲያገለግል ታስቦ ይሠራል። ያላረጀ ነገር ሲያረጅ ምን እንደሚሆን ሒሳቡ ከየት ይመጣል?

ሦስተኛ፣ ጉዳቱ በአንድ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ተርባይኖቹ ጎን ለጎን ስለቆሙ የሚመታቸው ማዕበል አንድ ነው። የተሠሩትም ከአንድ ንድፍ ስለሆነ የአንዱ ጉድለት የሁሉም ጉድለት ሊሆን ይችላል። ይህ የእድሩ አባላት በሙሉ በአንድ ሳምንት ሐዘን እንደሚደርስባቸው ዓይነት ነው። ያን ጊዜ የእድሩ ሣጥን ባዶ ይቀራል።

ታዲያ መድን ድርጅት ምን ያደርጋል? አንደኛ፣ ላላወቀው ነገር አረቦኑን ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ እርሱም በተራው ሌላ መድን ይገባል። ይህ የጠለፋ መድን ይባላል፤ የእድሮች እድር ማለት ነው። በእኛም አገር የኢትዮጵያ ጠለፋ መድን አክሲዮን ማኅበር በ2016 ሥራ ጀምሯል። ሦስተኛ፣ የሚከፍለውንና የማይከፍለውን በውል ላይ ለይቶ ይጽፋል።

ይህ ለመድን ድርጅቱ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። መድን የሌለውን ጣቢያ ባንክ ገንዘብ አያበድረውም። ብድር ከሌለ ተርባይኑ አይሠራም። ስለዚህ ነፋሱ ቢኖርም፣ መሐንዲሱ ቢኖርም፣ ሥጋቱን የሚጋራ ካልተገኘ ሥራው ወረቀት ላይ ይቀራል።

6. በውሉ ላይ ምን ተጽፏል?

መድን የሚከፍለው በተጻፈው መሠረት ነው። በአፍ የተባለ ነገር ካሳ አያስገኝም። የሚከተሉትን አራት ነገሮች በደንብ እንያቸው፤ በተርባይን ብቻ ሳይሆን በመኪናም በቤትም መድን ውስጥ ተመሳሳያቸውን እናገኛለንና።

ሀ. ተቀናሽ። ከእያንዳንዱ ጉዳት የመጀመሪያውን ድርሻ የሚሸከመው ባለቤቱ ነው። ጉዳቱ 100 ብር፣ ተቀናሹ 20 ብር ቢሆን መድን ሰጪው 80 ብር ይከፍላል። ይህ ለምን ሆነ? ባለቤቱ ከራሱ ኪስ የሚወጣ ነገር ካለ ይጠነቀቃላ!

ለ. የመጠበቂያ ቀናት። ተርባይኑ ቆሞ የቀረውን ምርት የሚክስ መድን አለ። ነገር ግን መቁጠር የሚጀምረው በውሉ ከተጻፉት ቀናት በኋላ ነው። 30 ቀን ቢል የመጀመሪያው ወር ኪሳራ የባለቤቱ ነው። ጥገናው ወደብ ድረስ መጎተትን ለሚጠይቅ ተንሳፋፊ ተርባይን ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው።

ሐ. ጉድለትና እርጅና። መድን ድንገተኛ ጉዳትን እንጂ ዝገትንና እርጅናን አይክስም። የሥራ ጉድለትም ያከራክራል። አንድ ግንብ በመጥፎ ጭቃ ተሠርቶ ቢወድቅና ላም ቢገድል፣ የሚካሰው የላሟ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ ግንቡም ጭምር? በትልልቅ የግንባታ መድን ውስጥ ይህን የሚለዩ ልዩ ልዩ አንቀጾች አሉ። የትኛው አንቀጽ እንደገባ ሳያዩ መፈረም አደጋ ነው።

መ. ተደጋጋሚ ጉድለት። አንድ ዓይነት ጉድለት በብዙ ተርባይኖች ላይ ቢገኝ ካሳው እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል። ለምሳሌ ለመጀመሪያው ሙሉ ዋጋ፣ ለሁለተኛው ሦስት አራተኛ፣ ለሦስተኛው ግማሽ እየተባለ መጨረሻ ላይ ምንም የማይከፈልበት ይደረሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ሲበላሽ ጉድለቱ ስለታወቀ፣ የቀሩትን መፈተሽ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ከነጭራሹ መድን የማይገባለት ኪሳራም አለ። ጃፓን ከ2011 የኑክሌር አደጋ በኋላ በፉኩሺማ ባሕር ላይ 3 ተንሳፋፊ ተርባይኖች ሞክራ ነበር። የተጠበቀውን ያህል ስላላዋጡ ተነሥተዋል። ሥራው አላተረፈም ተብሎ ለመድን ድርጅት የካሳ ጥያቄ አይቀርብም። የንግድ ኪሳራ የባለቤቱ ነው።

7. ጥንቃቄ ከካሳ ይቀድማል

ሥጋትን መቆጣጠር ማለት መድን መግባት ብቻ አይደለም። ሥጋትን በቅድሚያ ማወቅ፣ የሚሸሸውን መሸሽ፣ የሚቀነሰውን መቀነስ፣ የቀረውን ለሌላ ማጋራት፣ ከዚያ የተረፈውን አውቆ መሸከም ነው። እንግዲህ መድን አራተኛው ደረጃ ላይ ነው የሚመጣው። ሦስቱን ያልሠራ ሰው አራተኛውን በውድ ይገዛዋል፤ ወይም ጭራሽ አያገኘውም።

ተርባይን ከወደብ ከመውጣቱ በፊት መድን ሰጪዎች አንድ ገለልተኛ የባሕር ሥራ መርማሪ እንዲኖር ያስገድዳሉ። እርሱ የጎታቹን መርከብ ጉልበት፣ የማሰሪያውን ጥንካሬ፣ የቀጣዮቹን ቀናት የአየር ትንበያ ይመረምራል። ማዕበሉ ከተወሰነው ልክ በላይ ይሆናል ከተባለ የፈቃድ ወረቀቱን አይፈርምም። ፈቃድ ሳይኖር ቢወጡና ጉዳት ቢደርስ ካሳው ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ ትልቅ ክርክር ይነሣል። መርከብ የሚከራየው በቀን ሒሳብ ነው፤ አንድ ቀን መጠበቅ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ የሥራው ኃላፊ ‹ዛሬ እንውጣ› ሊል ይችላል። መርማሪው ግን ‹ቆዩ› ይላል። ከሁለቱ ማን ይሰማ? ተርባይን ቢሰብር ሌላ ይሠራል፤ ገንዘብም በካሳ ይተካል። በጎታቹ መርከብ ላይ ያሉት ሠራተኞች ግን አይተኩም። ለሟች ቤተሰብ የሚከፈል ካሳ ለልጆች ቀለብ ይሆናል እንጂ አባት አይሆንም። ስለዚህ የሚሰማው ‹ቆዩ› የሚለው ድምፅ መሆን አለበት።

ተርባይኑ ሥራ ከጀመረ በኋላም ጥበቃው ይቀጥላል። የሰንሰለቱን ውጥረት የሚለኩ መሣሪያዎች ይገጠማሉ። ሰው የሌለበት ጠላቂ መሣሪያ ወርዶ ሰንሰለቱንና ገመዱን ያያል። የታየውም በየጊዜው ይጻፋል። ይህ መዝገብ ሁለት ጥቅም አለው፤ ጉዳት ሳይደርስ ለመጠገን ያስችላል፣ ለመድን ሰጪውም ያልነበረውን ታሪክ ይሰጠዋል። ሃይዊንድ ስኮትላንድ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት፣ ያለማቋረጥ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ ከሚሰጠው ውስጥ በአማካይ ከመቶ 54 እጁን አምርቷል። እንዲህ ያለው የተጻፈ ማስረጃ ሲበዛ ጭፍን ፍርሃት ይቀንሳል፤ አረቦኑም በግምት ሳይሆን በዕውቀት ይተመናል።

8. ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

አገራችን የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ተንሳፋፊ ተርባይን አናይባትም። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚመታ አደጋ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ድርቅ አለ። ዝናብ ሲቀር የአንዱ ማሳ ብቻ አይደርቅም፤ ጎረቤቱም አገሩም አብሮ ይጎዳል። እድር ድርቅን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2009 በትግራይ፣ አዲ ሓ በተባለው ቀበሌ፣ ጤፍ የሚዘሩ 200 ያህል ገበሬዎች የድርቅ መድን በመግባት ሙከራ ጀምረው ነበር። ካሳው የሚሰላው እያንዳንዱን ማሳ በማየት ሳይሆን በዝናቡ ልክ ነበር። አረቦን በጥሬ ገንዘብ መክፈል ላልቻሉት ደግሞ አፈርና ውሃ የሚጠብቅ ሥራ በመሥራት በጉልበታቸው የሚከፍሉበት መንገድ ተዘጋጀ። ሥራው በራሱ የድርቁን ጉዳት ስለሚቀንስ፣ አረቦኑም ጥንቃቄውም በአንድ ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው። የሰሜን ባሕሩ መሐንዲስ ሰንሰለቱን የሚመረምረውና የአዲ ሓ ገበሬ ማሳውን የሚጠብቀው በአንድ ሐሳብ ነው።

እንግዲህ መድን ነፋሱን አያቆምም፤ ዝናቡንም አያመጣም። የደረሰውን ጉዳት ለብዙ ትከሻ ያካፍላል እንጂ። የሚያካፍለውም ተለክቶ የታወቀውንና ውሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው የመድን ውል ሲቀርብለት የሚከፈለውን ብር ከማየቱ በፊት ‹አይከፈልም› የሚለውን አንቀጽ ያንብብ። ያልገባውን ቃል ይጠይቅ። ጣቱን አጥቅሶ ይፈርም የነበረ ሰው ዛሬ ፊደል ከለየ፣ ፊደሉ ከሚጠቅምበት ቦታ አንዱ ይኸው ነው።

የቃላት ፍች

ሥጋት፦ ሊደርስ ይችላል ተብሎ የሚታሰብ አደጋ
መድን፦ አረቦን ተከፍሎበት ለጉዳት ካሳ የሚገኝበት ውል
አረቦን፦ መድን የገባ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ
ተቀናሽ፦ ከጉዳቱ ውስጥ ባለቤቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ
የጠለፋ መድን፦ መድን ድርጅት ራሱ የሚገባው መድን
መልሕቅ፦ ተንሳፋፊ ነገር ከቦታው እንዳይሄድ ከባሕር ወለል ጋር የሚይዘው ከባድ ዕቃ

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ተንሳፋፊ ተርባይን ሲበላሽ ለምን ወደ ወደብ ይጎተታል?
2. እድርና መድን የሚመሳሰሉት በምንድን ነው? የሚለያዩትስ?
3. በአንድ መንደር 200 ቤቶች ቢኖሩ፣ የአንዱ ዋጋ 20,000 ብር ቢሆንና በዓመት 3 ቤት ቢቃጠል፣ እያንዳንዱ ባለቤት ስንት ብር ማዋጣት አለበት?
4. ጉዳቱ 5,000 ብር፣ ተቀናሹ 800 ብር ቢሆን መድን ሰጪው ስንት ይከፍላል?
5. በአካባቢያችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚመታ ሥጋት ምንድን ነው? ከካሳ በፊት በጥንቃቄ ሊቀነስ የሚችለውስ የትኛው ነው? በቡድን ተወያዩና መልሳችሁን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።